ከሥሯ ከመግባትህ በፊት

ኮርማክ መጣ ማታ፣ ዝናብ አስከትሎ፣
ሆዷ አፈር የሚልስ መኪናውን አዝሎ።
አዝሎ ነው የምለው፣ አነዳዱን ላየ፤
በየጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ እየጸለየ
ከሌተርኬኒ እስከዚህ ሁለት ሰዓት ፈጀ።
ላም የምትቀድማትን ለእሽቅድምድም አበጀ!

«አክስቴ ብሪድ» አለኝ፣ «ግራ ፊቷ ያንኳኳል፤
አንድ ብሎን ከሥሯ ላልቶ ይሆናል።»

ክሪኬን አወጣሁ፣ ዘይት የሚያለቅሰውን፣
ዶናል ጋራዡን ሲዘጋ የተወልኝን።
አንገቱ አልገባም። ጎንበስ ብዬ ለካሁ፤
ሦስት ጣት ከምድር። በልቤ ግን ሳቅሁ፦
ወንድ ልጅ መኪናውን መሬት ላይ ያስተኛል፣
ከዚያ በኋላ ደግሞ መግቢያ ይለምናል።

ጀልባ ቤት ሄድኩኝ። የአባቴ ጀልባ
ከተሰበረች ወዲህ እዚያው ትኖራለች፤
ከጎኗ ሁለት ጣውላ ፈትቼ ሳመጣ
ዛሬም ጨው ጨው ትላለች።

«ቀስ ብለህ ንዳት፣ ጣውላው ላይ አውጣት፣
አራት ጣት ከፍ ትበል፤ ይበቃል አራት ጣት።»
ወጣች። የእጅ ፍሬን ስቦ በማርሽ ቆለፈ፤
ለኋላው ጎማዎች ታኮ አሰለፈ፣
አንዱ የግንድ ቁራጭ፣
ሌላው የቤተ ክርስቲያን አጥር ድንጋይ፤ አትጠይቁኝ።

ከዚያ በባትሪው ብርሃን ከሆዷ ሥር አሳየኝ
ቀይ ብረት፣ የውሃ ቧንቧ የመሰለኝ፣
ከእንግሊዝ አገር በፖስታ የደረሰ፣
ቀለሙ ገና የሚሸት፣ ጭቃ ያልቀመሰ።
«እዚህ ጋ እናንሳት፤ ጠንካራ ነው» አለ።
«በምን አወቅህ?»
«ውድ ነዋ!» አለ።

አልተቆጣሁም። እኔም በሃያ ዓመቴ
ውድ ነገር ሁሉ ጠንካራ መስሎኝ
አንድ ሰው አግብቻለሁ።

ቀዩን በጣቴ መታሁት። ባዶ ነው፤ ይዘፍናል።
«ይሄ» አልሁት «ጎማው ሲታጠፍ እንዲጸና የተሠራ ነው፤
ከታች ወደ ላይ ሲገፉትስ? ማን ጠየቀው?
ሠሪው ወረቀቱ ላይ ‹እዚህ አንሱኝ› ብሎ ካልጻፈ
አትገምት። በዚህ ሰፈር ገማች ነበር።»

ፋብሪካው ብረቱን ሁለቴ ያጠፈበት፣
ከበሩ በታች፣ የጥርስ ምልክት ያለበት፣
ጣቴ አገኘው። ግን የፊተኛው ጌታዋ
ያለ ላስቲክ አንስቶ ጨፍልቆታል።
ወደ ውስጥ ዘለቅሁ፣ ወደ ሻሲው፣ ወደ ዋናው አጥንት፤
ከአሮጌ ጎማ የቆረጥሁትን ላስቲክ
ለክሪኩ እንደ ቆብ ደፋሁለት።

ጫንሁ። አንድ። ሁለት። ክሪኩ አቃሰተ።
ጎማው ከጣውላው ተላቀቀ።
ልጁ ሊገባ ጉልበቱን ሲያጥፍ
በአንገትጌው ያዝሁት።
«ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም።»

ዶናል ግራ እጁን ከኪሱ የማያወጣበትን ምክንያት
በዚህ ቤት የሚያነሳ የለም።
እኔም አላነሳሁም።

ካቫሌቶ አቆምን፣ በግራም በቀኝም፤
ክብደቷ እግሮቹ ላይ እስኪቀመጥ በጥቂት በጥቂቱ አወረድኋት።
ክሪኩን ግን አላወጣሁትም፤
ሳይነካት፣ ከሥሯ፣ እንደ ሌሊት ዘበኛ።

«ግፋት» አልሁት።
በሁለት ጣት ነካ አደረጋት፣ እንደ ሙሽራ።
«እንደ ባለዕዳህ ግፋት!
የምትወድቅ ከሆነ አንተ ውጪ ሳለህ ትውደቅ።»
ገፋት። ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ገባ። ከጉልበቱ በታች ብቻ ቀረልኝ፣
የግራ ጫማው ማሰሪያ እንደተፈታ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ምን ይታይሃል?»
ዝም።
«ኮርማክ! ምን ይታይሃል?»
«ብሎኑ ደህና ነው። ጎሚኒው ነው ያለቀው።
ከቀዩ በላይ ግን... አሮጌው ብረት ዝጓል፣ አክስቴ።»
«በጣም?»
«እንደ ብስኩት።»
«እኛ የደገፍንበትስ?»
የመዶሻ ድምፅ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።
«እሱ ደህና ነው።»

እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥሁ፣
ባትሪ የማበራለት መስዬ፣
አንድ እጄን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አድርጌ።