ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ከጣና ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱን ዘጋነው፣ ጠባችን እንዳይታይ።
«ይሁን» ያለው ሰፈር፣ «አይሁን» ያለው ሰፈር፣
ለቅሶ መድረስ ተዉ፣ ድምፁ ገና ሳይቆጠር።

«አሸንፈናል» ሲል ሊቀመንበር ዘገየ፣
ያጨበጨበ እጅ አንድ እንኳ አልታየ።
ፖስተሩን በየአጥሩ የለጠፈው አበረ፣
ሙጫ ባልለቀቀው እጁ «ይውረድ»ን ጀመረ።

የደንገል ታንኳ ነን፤ ማዕበል አልመታን፤
ወደብ ላይ ቆመን ነው፣ የጠጣነው የፈታን።

እኔ ድምፅ የለኝም፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ አንድ መስመር ብቻ ወጣኝ፦
«ሊቀመንበራችን ዘገየ።»
ግማሹ ስም መስሎት፣ ግማሹ ግን ገብቶት፣
ሁሉም ፈረመበት።

ዘገየም ፈረመ፤ ብዕሬን ይዞ ቀረ፤
መስኮቱን ከፈተ። ሐይቁ እዚያው ነበረ።