ሰሙ ሲጠረግ

በጨረታ የወጣች ናት፣ ከአንድ መንግሥት ቢሮ፣
ሆዷን የሞላው አቧራ፣ የስንት ዓመት ኑሮ፤
ጎኗ ላይ ቀይ ቁጥር አለ፣ በብሩሽ የተጻፈ፣
ደብዳቤ ስትጽፍ ነው፣ ዕድሜዋ ያለፈ።

እኔ ግን ማታ ማታ፣ ኳስ አጫውቺኝ እላለሁ፣
አጥቂዬ ከግቡ አፋፍ፣ ደንዝዞ ሲቆም አያለሁ፤
ኳሷ አየር ላይ ቀርታ፣ እንደ ተሰቀለ መብራት፣
ተመልካቹ አፉን ከፍቶ፣ ዳኛው ፊሽካውን ነክሶት።
ማራገቢያዋ ሲያቃስት፣ ልክ እንደ ባጃጅ ነው
ሦስት ሰው ጭኖ በጎሃ፣ ዳገቱን ሲወጣው።

እህቴ ማስተዋል ደግሞ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣
ግብ ባገባች ቁጥር፣ አይዘጋም አንደበቷ።
«ማሽኑ ነው» እላታለሁ፣ «እሱ ነው የዘገየ፣
ጆይስቲኩን ስጫን ጣቴን፣ እስቲ ማን ነው ያየ?»

ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ሳነሣ፣
የተማሪ መመረቂያ፣ ስጠርዝ፣ ስበሳ፣
አራት ወር ያጠራቀምኩትን
በካልሲ የቋጠርኩትን
ይዤ ሄድኩ ፒያሳ።

ጣሊያን ከሠራው ሕንፃ፣ ከደረጃው ሥር፣
አንድ በር ብቻ አለ፣ ጎንበስ የሚያስብል በር።
እዚያ ነው አዛናው ያለው፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣
ሰባት ዓመት ቅኔ ዘርፎ፣ ሞባይል መጠገን የጀመረ።

ሆዷን ፈታው። እፍ አለበት። አቧራው ተነሣ፣
አግራፍ ወደቀ፣ ከስንት ደብዳቤ የተረሳ።
«አንጎሏ አርጅቷል» አለኝ፣ «ልቧ ግን ደህና ነው፣
ሶኬቷ የሚቀበለው፣ ታላቅ ወንድሙ ይኸው።
አዲስ ግዛ የሚል ሞልቷል። ነገሥታቱም እንዲያ ናቸው፣
ያባትን ግንብ ትቶ፣ ከጎኑ ሌላ ማቆም ልማዳቸው።
እኛ ኖራ ከየት አምጥተን? በዚያው ቤት ነው የምናድር።»
ከሻይ ቆርቆሮ አወጣ፣ ያገለገለ ፕሮሰሰር፣
ከብስኩት የማይሰፋ፣ አራት አንጎል በአንድ ጣራ፤
ዋጋውን ሲጠራው ግን፣ ካልሲዬ ራሷ ፈራ።

አሮጌውን ነቀለው። ጀርባው ላይ የደረቀ፣
የሙቀት ማስተላለፊያ፣ እንደ ጧፍ ሰም የተሰነጠቀ።
በጥጥ አልኮል ነክሮ፣ ቀስ አርጎ ጠረገው፣
ገልብጦ አሳየኝ፣ ከሥሩ ወርቅ ነው፤
ሺህ እግር፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ።
አዛናው ሳቀ፣ ሳቁ መሐል ደግሞ ዝም አለ፣ አዘገመ።
«ይኸውልህ» አለኝ፣ «የኔታን ሸሽቼ ብወጣ፣
ሰምና ወርቁ ተከትሎኝ፣ ከዚህ ደረጃ ሥር መጣ።»

ያዲሱ አንድ እግር ጎብጧል። ትንፋሹን ውጦ
በመርፌ ጫፍ አቀናው፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ አፍጦ።

ማብሪያውን ተጫንን። ጥቁር።
እናት የሚል ስም ይዛ፣ ማዘርቦርድ አማት ሆነች፤
ያልመረጠችውን ሙሽራ፣ አላውቅም ብላ ፊት ነሣች።
«ባዮሷ ይታደስ፣ ሽማግሌ ይላክ» አለና
አሮጌውን መልሶ ሰካ፤ ሽማግሌው እሱ ነውና።
ሲታደስ መብራት ቢጠፋ፣ አለቀላት ለዘላለም፤
ዓይናችን አምፖሉ ላይ፣ የሚተነፍስ የለም።

ማታ ቤት። ኳሷ በረረች። ሣሩ ሣር መሰለ፣
ደንዝዞ የኖረው አጥቂ፣ እንደ ሚዳቋ ዘለለ።
ማስተዋል ከጎኔ ሆና፣ ጣቷን እፍ እያለች አሞቀች፣
ነጠቀችኝ፣ አታለለችኝ፣ አንድ፣ ሁለት... ስድስት አገባች።

«ማሽኑ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ማራገቢያዋ ዝም ብላለች፣
ቀዝቀዝ ብላ፣ ተረጋግታ፣ የምለውን ትጠብቃለች።
የስንት ዓመት ሰበቤ፣ ጀርባዬ ላይ የደረቀው፣
ለካ ያኔ በዚያው ጥጥ፣ አብሮ ነው የተጠረገው።
ከሥሩ ግን ወርቅ የለም፤
ሁለት ሰነፍ አውራ ጣት፣ ሌላ ምንም።

አሮጌውን ፕሮሰሰር ከኪሴ አውጥታ ገለበጠችው፤
«ወርቅ ነው?» አለች። «ትንሽ ትንሽ።» በጫማ ማሰሪያ ጠለፈችው።
አንገቷ ላይ አንጠልጥላው፣ ዛሬም ሳህን ስታጥብ፣
ከአዝራሯ ጋር ይጋጫል፤ ስድስት ለባዶ፣ ግብ በግብ።