የአሥራ አራት ቁጥር ችሎት

ሬሖቮት፣ ኪሪያት ሞሼ፣ ከሾላው ዛፍ በታች፣
አንድ እግሯ የጠፋ አግዳሚ አለች፣
በጡብ የቆመች።
ሦስት ጊዜ አመለከትን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሦስቴ መዘገበ፤
ጡቡ ግን እንዳለ ነው፣ ሠራተኛም አልቀረበ።

ፀሐይ ስትበርድ እዚያ ነው ችሎቱ፤
ዳኛዋ እትዬ አትጠገብ፣ ከሳሿ ሰንበቱ፣
ምስክር የጎደለ እንደሆን፣ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት
አንገቷን አውጥታ የምትጨምር ማሪቱ።

«ሐኪም የቱ ይሻላል?» ትላለች አዲስ ገቢ።
«ሩሲያዊቷን ጠይቂ፣ እሷ ዘንድ ግቢ፤
ዓይንሽን ታያለች። ያኛው ኮምፒውተሩን ሲያይ ውሎ፣
እግርሽንም ይመምሽ ሆድሽን፣ ይሸኝሻል ‹አካሞል ዋጪ› ብሎ።»
«ዳቦስ?» «ከየመናዊው ነው፤ ዓርብ ግን ሲረፍድ አትሂጂ፤
የትናንቱን አሙቆ ‹ትኩስ› ይላል፤ ዳስሰሽ ግዢ።»
«ፖስታ ቤትስ?» «ጌጤነሽ ሕፃን አቅፋ ገባች፤
ተራዋ ሲደርስ ወታደር አስከትላ ወጣች።»
«አሥራ ሁለት ቁጥር አውቶብስስ?» ሁሉም ሳቁ።
«እሱ እንደ መሲሑ ነው፤ መምጣቱስ ይመጣል፤ ቀኑን ግን አይጠይቁ።»

እኔ ቧንቧ ሠሪ ነኝ።
መኪናዬ ጎንና ጎን በዕብራይስጥ «ዳኒ» ተብዬ ተጽፌያለሁ፤
ከዚህች አግዳሚ ፊት ግን ደጀን ነኝ፣ የእናኒዬ ልጅ እባላለሁ።
በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣሁ፣ ከፍዬ፤ አንድ ሰው አልደወለ፤
እትዬ አትጠገብ «ደህና ነው» ያለች ቀን፣
ስልኬ ሲጮህ ዋለ።

ማክሰኞ ዕለት፣ ከምድር ቤቱ ኩሽና፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣
መፍቻ በጥርሴ ነክሼ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር፤
መስኮቱም ክፍት ነበር።
«ደጀንን ልጥራው እንዴ?» አለች አዲሲቱ።
ዝም አለ ችሎቱ።
እትዬ አትጠገብ ዝም ካለች፣ ነገር አለ ማለት ነው።

«እጁ? እጁ ይባረክ። ያጠበቀው አይላላም።
አንደበቱን ግን አልወደድኩም።
‹ምን ተሰበረ ልጄ?› ስለው፣ ጣራ ጣራ እያየ
‹ይህዬ በሴዴር›፣ ‹ይሆናል፣ ይስተካከላል›፤ ሌላ ቃል አልተናገረም።
የፈሰሰው በእኔ ቤት፣ የደረቀው በእኔ ጨርቅ!
ለልጄ በዕብራይስጥ አስረዳት፤ እኔ እንደ ቆጣሪው
ግድግዳ ላይ ቀረሁ።
ባንኩ በልጄ አፍ፣ ሐኪሙ በልጄ አፍ፣
ደግሞ ቧንቧ ሠሪው?»

ከላይ ማሪቱ «እውነቷን ነው» አለች። የጠየቃት የለም።

መፍቻው ከጥርሴ ወደቀ።
በጓሮ ልውጣ አልኩ። መኪናዬ ግን ከፊታቸው ቆማለች፣
ስሜን በሁለት ጎኗ ለብሳ።
ያን ጊዜ ገባኝ፦
እትዬ አትጠገብ ዕብራይስጥ አታነብም፤
መኪና ግን ታውቃለች።
ስትናገር የነበረው ለአዲሲቱ አይደለም።

ወጣሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።
ከኪሴ የእሷን ቤት አሮጌ ጎማ፣ ቀለበት የምታህለውን፣ አወጣሁ፤
እስካሁን ያልጣልኳት ለምን እንደሆን አላውቅም።
«እትዬ፣ የተበላሸችው ይህች ናት።
ስሟን በአማርኛ አላውቀውም። በስድስት ዓመቴ ነው የመጣሁ።
አፍሬ ነው ጣራ ያየሁ።»

አገላብጣ አየቻት፣ በጣቶቿ መሐል አድርጋ።
«ይህች ናት ሁለት ሳምንት ያስለቀሰችኝ?»
«እሷ ናት።»
«ይህች ብናኝ!»
ወደ አዲሲቱ ዞረች። «ጥሪው» አለች።
«ግን ጠይቂው። ካልጠየቁት አይናገርም።»

ልሄድ ስነሳ አግዳሚዋ ተንገዳገደች፣ ጡቡ ሸሸ።
«ይህችንስ?» አለች ሰንበቱ።
«እሷማ የማዘጋጃ ቤት ናት» አልኩ፣ ቁልፌን እየፈለግሁ።
ከሦስተኛ ፎቅ፣ አንገቷን አውጥታ፣
«ይህዬ በሴዴር!» አለች ማሪቱ።