የዝላያችን መስመር

አንድ ሰዓት ሰጡኝ። «ሕፃናት ይመጣሉ፣
ሦስተኛ ክፍል ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ማለት
ምን እንደሆነ ንገሪያቸው» አሉ።

የመሥራቹን ፎቶ፣ የሕንፃውን ዕድሜ፣
የማዕረጉን ዓይነት ቀልሜ ቀልሜ፣
ካባና ባርኔጣ፣ ሠንጠረዥ አድርጌ
ጠበቅኋቸው በሩ ላይ፣ መነጽሬን ጠርጌ።

ቫልፓራይሶ ጠዋት ጭጋግ ትለብሳለች፤
ባሕሩ አይታይም፣ መርከብ ትጮኻለች።
ከኮረብታው አናት በገመድ ባቡሩ
አርባ አንድ ሆነው ወረዱ፣ እጅ ለእጅ እንደታሰሩ።
እናቶቻቸው ዓሣ ይሸጣሉ፣ አባቶቻቸው ወደብ ላይ ዕቃ ያወርዳሉ፤
በዚህ በር ፊት ለፊት ሺህ ጊዜ አልፈዋል፣
እስር ቤት መስሏቸው ኖሯል አሉ።

ከኋላቸው ደግሞ ያልተጠራ እንግዳ፣
አንድ ጆሮው የተቀደደ ውሻ፣ ጭራው የተጎዳ።
«መታወቂያው የታል?» አለ ዘበኛችን።
«የለውም» አለች ማይቴ፣ «ግን መማር ይወዳል።
የሰፈር ልጅ ነው፣ የኛው ጎረቤታችን።»

አዳራሹ ገብተው ወንበሩን ሞከሩት፤
እግራቸው አልደርስ ቢል መሬቱን በዓይን ለኩት።
ገና «መሥራቻችን…» ብዬ ስጀምር
እጁ ሁሉ ቆመ እንደ ሸንበቆ ዱር።
«ደወሉ የት አለ?» «ሽንት ቤት ስንሄድ
እናስፈቅዳለን?» «ምሳው በግድ ነው በውድ?»
«ያንን ሁሉ መጽሐፍ አንብበሽ ጨረስሽው?»
(አልጨረስኩም። ግማሹን ገልጬም አላየሁ።)
ኤሊሴኦ ደግሞ ፀጉሬን አየና፦
«ሽበት አለሽ አንቺ። ትማሪያለሽ ገና?
ስንት ዓመት ደገምሽ?»
መምህርታቸው ሴኞራ ኦብዱሊያ ሳሏን ዋጥ አደረገች፤
እኔ ሳቄ መጣ። ሠንጠረዤ ታጠፈች።

ወሰድኳቸው ወደ ታች፣ ወደ ምድር ቤቱ፣
አሮጌው መሣሪያ መርፌውን አሹሎ ወደሚውልበቱ።
«ይህ ጆሮ ነው» አልኩ፣ «ምድር ስታጉረመርም
ሰምቶ የሚጽፍ። ቀን ሌት አይተኛም።»

የመሬት መንቀጥቀጥ! እሱንማ ያውቃሉ።
አንዱ ከበር መቃን ሥር ቆሞ እንዳደረ፣
የአንዷ አያት ጫማ አድርጋ እንደምትተኛ፣
የአንዱ ቤት ቁም ሣጥን ብቻውን እንደዞረ፣
ሁሉም ባንድ አፍ ያወራሉ።

ኢግናሲያ ጠየቀች፦ «የሚቀጥለውስ? መቼ ነው የሚመጣ?»
«አላውቅም» አልኳት።
ጫጫታው ቁጭ አለ። አንድ ድምፅ ታጣ።
«አታውቂም?»
«አላውቅም። እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።
ቀኑን ሙሉ እዚህ የምቀመጠው ስላላወቅሁት ነው፤
ሌላ ሥራ የለኝም።»
ኤሊሴኦ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ሽማግሌ፦
«ለካ ለዚህ ነው ያልጨረስሽው።»

ከዚያ አዘለልኳቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!
ወለሉ ጮኸ፣ ውሻው ጮኸ፣ መርፌው ደነበረ፣
ወረቀቱ ላይ ተራራ በተራራ ተደረደረ።
ከዚያ ጸጥ። መስመሩ ረግቶ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ
ጢም! አለች አንዲት ዝላይ፣ ዘግይታ፣ ለብቻዋ።

ኔሪዳ ናት። ከመጣች ጀምሮ
ትንፍሽ ያላለች ልጅ። አሁን ግን ጣቷን
ከትንሿ ጉብታ ላይ አኑራ፦
«ይቺ የኔ ናት።»

ወረቀቱን በመቀስ አርባ አንድ ቦታ ቆረስነው፤
ቀጭን ሆነ ድርሻው፣ ግን ማንም አልቀረው።
ኔሪዳ የሷን አጣጥፋ ካልሲዋ ውስጥ ከተተች፣
ሌላው ሲሰለፍ ዞር ብላ መርፌውን አየች።

ማታ ቅጽ ተላከልኝ፦ «ዓላማው ተሳክቷል?
ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሆነ ልጆቹ ገብቷቸዋል?»
ብዕሬን ሳነሳ ሳስቀምጥ ቆየሁ።
«አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ምድር ቤቱን ስከፍት
(እንዴት እንደቀረ እንጃ)
ውሻው እዚያው አለ፣ ከመሣሪያው ሥር፣
የተቀደደ ጆሮውን ከወለሉ አጣብቆ።