ቆጣሪ የሌለው ጥላ

ከደሴ ጭጋግ ወጥቼ፣ ሐረጎን ተጠማዝዤ፣
ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ሜትርና ካርታ ይዤ።
ቦርከና ዳር ካለችው፣ ከጦይባ ማሳ ላይ
ብረት ልተክል ነው፣ ብርሃን የሚያልብ ከሰማይ።

«ዝቅ አርገን እንትከለው» አልኳት፣ «ወጪው ይቀንሳል፤
ንፋስም አይደፍረው፣ ጥገናውም ይቀላል።»
መልስ አልሰጠችኝም።
ጎንበስ አለች፤
ቅርጫቷን ጎመን ሞላች፣
አናቷ ላይ ጫነች፣
ቀጥ ብላ ቆመች።
«ከዚህ በላይ ይሁን፣ ቅርጫቴን ሳይነካ።
ወላሂ! በገዛ መሬቴ አንገቴን ሰብሬ አልሄድም ለካ!»
ለካኋት። ሁለት ሜትር ከአርባ።
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ «ቁመት፣ ጦይባ።»

አንድ ዋንዛ ነበረ፣ በማሳው ምሥራቅ ጫፍ፣
ጠዋት ጠዋት ጥላው፣ መስተዋቱ ላይ የሚያርፍ።
ሟች ባሏ ይመር
በሬ ፈትቶ፣ ሞፈሩን ያስደገፈበት፣
ቆሎውን ቆርጥሞ፣ ሸብ ያረገበት።
«ይቆረጥ» አልኩ።
እኔ ሳልሆን ስሌቱ የተናገረ መሰለኝ።
ወደቀ።
ርግቦቹ ሦስት ቀን በባዶው አየር ላይ ዞሩ፣
ቅርንጫፍ የነበረበትን ስፍራ ሲቆጥሩ።

አጥሩን ተደግፎ ጎረቤቷ እንድሪስ ሳቀ፦
«ሰላጣ ነው ወይ ሙሽራ፣ ከፀሐይ የተደበቀ?»

ሚያዝያ መጣ።
የእንድሪስ ሰላጣ ግንድ አወጣ፣ መረረ፤
የሷ ከብረቱ ሥር ጆሮውን አቁሞ አደረ።
(ቲማቲሙ ግን ከሰረ። ጥላ አልወደደም፤
እንድሪስ ይህን ሲያወራ፣ እስከ ዛሬ አይደክምም።)
ፓምፑ ናፍጣ ረሳ፤ ወንዙን ቀና ብሎ ጠጣ።
የፋብሪካው አቧራ መስተዋቱን ሊያለብስ ሲመጣ
ማለዳ ታጥበዋለች፤
እድፉ በጠርዙ ተንጠባጥቦ ይወርዳል፣
ተራ ይዞ የቆመ ነጭ ሽንኩርት ይጠጣዋል።
ርግቦቹም ተመልሰዋል። መስተዋቱን ያቆሽሹታል።
አታባርራቸውም።

ትናንት ለጥገና ስወርድ፣
ከጉቶው ጎን እሾህ ታጥሯል፤
እሾሁ መሐል አንድ ክንድ ቡቃያ ቆሟል።
«ይሄስ?» አልኳት።
«የብረትህ ዕድሜ ስንት ነው?»
«ሃያ አምስት ዓመት።»
«እንግዲያ አብሽር። ይሄ እስኪደርስ ያ ያረጃል።»
ውሃውን ወደ ሌላ ቦይ መለሰች። ቆየች።
«አልክድም፣ ያንተ ጥላ ብር አመጣ፣ ልጄን አስተማረው፤
የይመር ዋንዛ ግን ጥላ ሲሰጠኝ፣ ቆጣሪ አልነበረው።»

ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን አለ፦
«ጥላ የሚጥል ነገር፣ ካለ።»
እስክሪብቶዬን ከፈትኩ።
ቡቃያውን አየሁት።
ሣጥኑን ባዶ ተውኩት።