«ሱን» ማለት

ከዚራ፣ የማታ ክፍል፣ መስኮቱ የተከፈተ፣
ቬንትሌተሩ ጣሪያ ላይ ከሰኔ ጀምሮ የሞተ፤
«በቅርቡ ይሠራል» ብሎ ዳይሬክተሩ የለጠፈው
ወረቀት እንኳ ወይቦ፣ ሙቀቱ ነው ያጠፈው።

መምህር ቡሽራ በጠመኔ አንዲት አጭር ቃል ጻፈ፤
ላቡን በመሐረብ ጠርጎ፣ ወረቀቱን አየና አለፈ።
«ሱን» ይላል ሰሌዳው። «ይቺ» አለ «ባልቴት ናት፣
በልጅነቷ ሌላ ነበር ትርጉሟ፣ ሌላ ጉልበት፦
'አሁን' ማለት ነበረች፤ 'እዚሁ፣ በቆምክበት፣
ምራቅህን ሳትውጥ፣ ሳይሞላ አንድ ደቂቃ።'
'ሱን' ያለ ሰው ተነሥቷል፣ ጫማውን አጥብቋል፣ በቃ።»

«ታዲያ ምን ነካት?» አለች ሃምዲ ከመጋላ፣
ቀን ጨርቅ ስትሸጥ ውላ ማታ የምትቀመጥ ከኋላ።

«ሰው ነካት። ዱቤ እንደበላ ደንበኛ
'ሱን' ይላል፤ ይተኛል። 'ሱን' ይላል፤ ይተኛል።
ይህን ሁሉ ዘመን ስትዞር ከውሸተኛ ውሸተኛ፣
ጠርዟ ተበልቶ፣ እንደ ድሮ ሳንቲም ምስሏ ጠፍቶ፣
'አሁን' የነበረው ፊቷ 'ቆይ ትንሽ' ሆነ ተረስቶ።»

የኛዋ «መጣሁ» ናት፣ አልኩ በልቤ።
ሰው ሲሄድ ነው የሚላት፤
ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንድ እግሩ ደጅ ውሎ፣
ገና ሳይሄድ መጥቷል፣ በኃላፊ ግሥ ምሎ።
አጎቴ ዚያድ ለክብሪት ወጣ «መጣሁ» ብሎ፤
ጅቡቲ ገባ አሉን፣ በጭነት ባቡር ተንጠላጥሎ።
ደቻቱ ብቻ ነው፣ አሸዋው ወንዛችን፣ «መጣሁ»ን የማያውቀው፤
ዓመት ደርቆ ተኝቶ፣ በሌሊት ከች ብሎ ነው አጥር የሚያወልቀው።

«ለሐሙስ» አለ መምህሩ «አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩባት፣
ግን ባሮጌው ትርጉሟ፤ እስቲ ትንሽ እናክብራት።»
ሃምዲ እዚያው ጻፈች፦ «ባለ ዕዳዬ 'ሱን' አለ፤ ከፈለ።» ክፍሉ ሳቀ፣
አንዱ «ተረት ነው!» እያለ ጠረጴዛውን ደለቀ።

በማግሥቱ በለገሃር ሳልፍ ቆምኩ ከበሩ፤
ሐዲዱን ሣር ወርሶታል፣ ፍየል ይግጣል ከዳሩ።
ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ፣ ቀለሙ በተላላጠው፣
«ባቡሩ በቅርቡ ይጀምራል» ይላል፣ ፀሐይ የመጠጠው።
ከሥሩ ጋሽ ገልገሎ፣ የጣቢያው ዘበኛ፣
በዚያ ሐሩር ኮት ቆልፎ፣
ወንበሮቹን ወለወለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ሰባት፤
የደወሉን ገመድ ሳበው፣ ላልቶ እንደሆን ሊያይበት።
«ጋሼ፣ ማን ይመጣል ብለህ?» አልኩት። ዘወር ብሎ አየኝ፣
ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው፣ ጽሑፉን በጣቱ አሳየኝ።

ሐሙስ መጣ። ደብተሬን ሰጠሁ፤ ያለበት አንድ መስመር፦
«ዘበኛው ወንበሩን ጠረገ።» ሌላ ምንም አልነበር።
«ቃሏ የታለች?» አለ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ፤
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ ሳይጽፍ መልሶ ሰቀለ።

«ውጤታችንስ መቼ ነው?» ሃምዲ ከኋላ ጮኸች፤
አፉን ከፈተ፤ ቃሏ ከንፈሩ ላይ ደረሰች፤
ቀና ብሎ ቬንትሌተሩን አየ፤
ዘጋው።