ተፈታ

ብርኖ ላይ፣ በጥር ብርድ፣ ከሌሊቱ ስድስት፣
ትራም ፌርማታ ቆማ ወይዘሮ አንዲት፣
የቲኬቱ ማሽን ሳንቲሟን ዋጠባት።

ራዲም ኮዱን ከፍቶ አንድ መስመር ቀየረ፤
«ተፈታ» ብሎ ጽፎ መዝገቡን ቀረቀረ።

እኔ የሠራሁት ግን ትንሽ ፕሮግራም አለ፣
ሰው «አልቋል» ሲለው «እስኪ ልየው» ያለ፤
ሌሊት ሌሊት ነቅቶ መዝጊያ የሚነካካ፣
የውሸት ሳንቲም ጥሎ መልሱን የሚለካ።
ማሽኑ ዛሬም ከዋጠ፣ አያፍር፣ አይፈራ፣
«አልዳነም» ይልና ይከፍታል በተራ።

ሦስቴ ዘጋው ራዲም፤ ሦስቴ ተከፈተ።
በአራተኛው ግን ሳቁ ጉሮሮው ላይ ሞተ።
«ይሉኝታ የለውም ይሄ ያንተ ፍጥረት»
አለኝ፣ እያሸ የፍርድ ቤት ወረቀት፤
የእሱና የዝደንካ፣ የአሥራ አንድ ዓመት።

በቼክኛ ሁለት ቃል ነው። በእኔ ቋንቋ አንድ ነው፤
ችግርም፣ ትዳርም፣ «ተፈታ» ነው የምንለው።
አልነገርኩትም።

ንጋት ላይ፣ በአምስተኛው፣ ቲኬቱ ብቅ አለ፤
መዝገቡም ያን ቀን እንደተዘጋ ዋለ።
ራዲም ኮቱን ለብሶ ወደ በሩ ሄደና
ተመለሰ ደግሞ፣ ቆመ እንደገና፤
«ይሄ ፕሮግራምህ» አለኝ፣
«ወረቀትስ ያነባል?»